በትምህርት ቤት ግቢ ስለሚገኝ ጠገራ ብር

ጠገራ ብር እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመትና የማርያ ትሬዛ ምስል የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ሲሆን፣ በአገራችን ገበያዎች ለረጅም ዘመን አገልግሏል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲሞችን በቅርስነት ያካትታል፤ ቅርስ ፈልጎ ለማውጣትም የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለሆነም በወረታም ሆነ በሌሎች የፎገራ ትምህርት ቤቶች ግቢውን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እየፈተሹ ለመቆፈር የርእሰ መምህሩ መልካም ፈቃድ ብቻ አይበቃም።

ለአጥር፣ ለመጸዳጃ ቤት ወይም ለችግኝ ሲቆፈር ብር በአጋጣሚ ቢገኝ ግን፣ ሳይታጠብና ለአንጥረኛ ሳይሰጥ፣ የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ተመዝግቦ፣ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል። አዋጁ ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ደንግጓል።