አፉን ያልፈታው ልጅ

የድሮዋን ልደታ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት ውሃው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ወሬውም የጋራ ነበር። ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ሲቀርብ ከቤቱ የሚቀር ልጅ የለም። ከአንዱ በቀር። አምስት ዓመት አልፎት ከ«እማ» ሌላ ቃል አይወጣውም። እኛም ስም አወጣንለት። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፣ ያሳፍረናል።

ትልልቆቹ መጀመሪያ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አሉ። ቀጥሎ «እንጥሉ ይቆረጥ»፣ ከዚያ ጠበል፣ በመጨረሻ ዝምታ። ትምህርት ቤት ሲወሰድም «ይሄ አይማርም» ተብሎ ተመለሰ። ባልቻ ሆስፒታል (ለሰፈሩ ሰው «ራሺያ») በእግር የሚደረስበት ነው፤ ጥቁር አንበሳም ሩቅ አይደለም። ግን ምን ብለው ይውሰዱት? ለችግሩ የነበረን ስም «ዲዳ» ብቻ ነበር።

እንዲያው ስናስበው አማርኛ ጉዳዩን ያውቀዋል። «አፍ የፈታንበት ቋንቋ» እንል የለ? ችግሩ ኮልታፋውን፣ ተብታባውንና ዲዳውን በአንድ ቅርጫት መክተታችን ነው። «ር»ን «ል» የሚል ልጅ ድምፁን ማስተካከል ነው የቸገረው። የሚንተባተበው ቃሉን ያውቀዋል፣ መውጫው ላይ ይያዝበታል። ሌላው ድምፁ ደህና ሆኖ ቃላት ማገናኘት ያቅተዋል። ሌላው ጭራሽ አይሰማም። (ሙሴም አንደበቱ ከባድ ነበር፤ ወንድሙ አሮን አፍ ሆነለት። ሁሉም ልጅ ግን አሮን የለውም።)

ፈረንጁም ቢሆን ብዙ አልቀደመንም። የአሜሪካ የንግግር ባለሙያዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ሊዮ ካነር ስለ ኦቲዝም የጻፈው በ1943 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጥፋቱ «በቀዝቃዛ እናቶች» ላይ ሲለጠፍ ኖረ። እኛ እርግማን አልን፣ እነሱ የእናት ቅዝቃዜ። ተከሳሿ ግን ያቺው እናት ነች።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩን የቀየሩትም እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለ የውበት ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት፤ ትምህርት ቤቶች አልይዝ አሉላቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአደባባይ ወጥተው ስለ ልጃቸው መናገራቸው ራሱ፣ ልጅ በጓዳ በሚደበቅበት ከተማ፣ ትልቅ ነገር ነበር።

እኛን በጣም የገረመን ግን «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉት የማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። መነሻው የፊደላችን ድምፅ ነው። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ «ለ ሉ ሊ ላ» በሉ። ከንፈር ይሾላል፣ ይለጠጣል፣ ይከፈታል። አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ ልጁ የሚያየው ምልክትና የሚያወጣው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ። የኔታ በዱላ ያስቆጠሩን ገበታ ለአፍ መፍቻ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ? ወይዘሮ ዘሚ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታል ይሰፋለታል። ስፌቱ ግን ግማሹ ነው፤ በአፍንጫ መውጣት የለመደውን ድምፅ በአፍ ለማውጣት ወራት የሚፈጅ ልምምድ ይቀረዋል።

ታናሽ ያላችሁ ልብ በሉ። በዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በሁለት ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ «ይደርሳል» ተብሎ አይቆይም። መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው። ካልሰማም የምልክት ቋንቋ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል።

ሰፈሩ ሲፈርስ የዚያ ልጅ እናት ቤት ደርሷቸው ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። በአንዱ የግንቦት ልደታ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘናቸው፤ እሱም አብሯቸው ነበር፣ ጎልማሳ ሆኗል። ከኋላው ሆነን በስሙ ጠራነው፣ በእውነተኛው ስሙ። አልዞረም። ደግመን ጠራነው። እናቱ ትከሻውን ነካ አደረጉት፤ ያኔ ዞሮ ፈገግ አለልን።