ቁርስ ከጓሮ ሲመጣ

ቁርስ አትዝለሉ የሚለውን ምክር ያልሰማ አለ? ከኤፍ ኤም የጠዋት ፕሮግራም ጀምሮ እስከ አክስቶቻችን ድረስ ሁሉም አንድ ቃል ነው። ቁርስ የበላ ይነቃል፤ የዘለለ ይደክማል፣ ይወፍራል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ከምክሩ ጋር ጠብ የለንም። የገረመን ነገር ቢኖር መካሪው ሁሉ ቁርሱ ከየት እንደሚመጣ አለመጠየቁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወደ ወላይታ ይዘናችሁ እንውረድ። ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። እዚያም እንደ አዲስ አበባ ፉል አለ፣ ፍርፍር አለ፣ ዳቦ በሻይ አለ። የኛ ወሬ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቤት ጀርባ ካለው ጓሮ ነው።

በወላይታ ገበሬ ቤት ጠዋት እሳት ላይ የሚጣደው የቡና ቅጠል ነው፤ ሃይታ ቱኬ ይሉታል። ቅጠሉ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ተወቅጦ ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል። አጠገቡ እንደ ወሩ ሁኔታ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ በቆሎ ወይም ቆጮ ይቀርባል። ፍሬውን ትቶ ቅጠሉን መጠጣት ለሸገር ልጅ ግራ ሊሆን ይችላል፤ ግን ፍሬው ገበያ ወጥቶ ብር ያመጣል፣ ቅጠሉ ቤት ይቀራል። እኛ ይሄ ሒሳብ ተመችቶናል።

ልብ በሉ፣ ይህ ገበታ ውስጥ ከጨው በቀር አብዛኛው ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ የበቀለ ነው። የወላይታ ገበሬ መሬቱን የሚጠራው በሁለት ስም ነው። ለቤት የቀረበውና ፍግ የጠገበው ዳርኩዋ ይባላል፤ ራቅ ብሎ ያለው ሾቃ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ፣ ጎደሬው ሁሉ ቤቱን ከበው የሚቆሙት ፍግ ስለሚፈልጉ ነው። ፍግ ደግሞ ከከብት ነው። ከብት የሌለው ቤት ወተትና አይብ ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንሰቱም ይኮስሳል።

ስለዚህ የወላይታን ቁርስ ታሪክ ለመጻፍ የፈለገ የከብቱን ታሪክ መጻፍ አለበት። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የገባው የከብት በሽታ ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን አመጣ፤ በሬ አልቆ የሚያርስ ጠፋ፣ በሰሜኑና በመሐሉ አገር ሕዝብ በረሃብ ረገፈ። እንሰት ተካይ የሆኑ አካባቢዎች ግን በሬ ቢሞትም የተተከለው ተክል ስለሚቆያቸው ከእህል አገር የተሻለ እንደተቋቋሙት የታሪክ ሰዎች ይጽፋሉ። ከዚያ በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በካዎ ጦና ይመራ የነበረውን የወላይታ መንግሥት ወግቶ ያዘ። ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ አብሮ ዘምቶ ያየውን ጽፏል፤ በሰው ላይ የደረሰውን ከባድ ዕልቂት፣ በምርኮ የተነዳውን ሰውና በሺዎች የሚቆጠረውን ከብት። ስለ ዘመቻው የሚደረገው ክርክር ዛሬም ትኩስ ነው፤ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። እኛ ላሚቱን ብቻ እንከተላት። በረቱ ባዶ የሆነ ቤት በማግስቱ ወተት የለውም፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ዳርኩዋው ይሳሳል። በላዩ ላይ የገባር ሥርዓት መጣ፤ ገበሬው ከጓሮውም ከጉልበቱም ለባለ መሬቱ ማካፈል ጀመረ።

በነገራችን ላይ “ቁርስ” ራሱ ከቆረሰ የመጣ ቃል ነው፤ ዳቦና እንጀራ የሚቆርስ ሰው ቃል። የኦርቶዶክስ ጿሚ ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጠዋት አፉን ሳይከፍት ይውላል። በወላይታ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የገቡት ሚስዮኖች ያስተማሩት ሃይማኖት ይህን ጾም የሚያዝ አልነበረም፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ 71 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። ጠዋት መብላትም አለመብላትም የሆድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም ለማለት ያህል ነው።

“ከቀኑ ምግብ ሁሉ ዋናው ቁርስ ነው” የሚለው አባባልስ የማን ነው? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1917 ጉድ ሄልዝ በተባለ መጽሔት ወጥቶ እናገኘዋለን። የመጽሔቱ አዘጋጅ ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ ነበር፤ አዎ፣ ኮርንፍሌክስን ከወንድሙ ጋር የፈለሰፈው ሰውዬ። የቁርስ እህል ፈልሳፊ ቁርስን ሲያወድስ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል። ሳይንሱም ቆይቶ ጥያቄ አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቢ ኤም ጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት 13 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ቁርስ የሚበሉት በቀን 260 ካሎሪ ያህል ጨምረው ሲበሉ፣ ቁርስ መዝለል ያወፍራል የሚለው አልተረጋገጠም። ማታ ጠግቦ ለተኛ ጎልማሳ እንግዲህ ነገሩ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ለልጅ ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የልጅ አንጎል ስኳር ይፈልጋል፤ ጉበቱ የሚያጠራቅመው ደግሞ ከትልቅ ሰው ያነሰ ነው። ራቱ ስስ ከሆነ ጠዋት ላይ ማጠራቀሚያው ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የጃማይካ ጥናት በገጠር ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ለአንድ ዓመት ቁርስ ሰጥቶ ውጤቱን መዝግቧል። ልጆቹ ከትምህርት ገበታ መቅረት ቀነሱ፣ ቁመትና ክብደታቸው ትንሽም ቢሆን ጨመረ፣ ታናናሾቹ በሒሳብ ተሻሻሉ። ቁርስ ጤና ነው የሚለው ምክር ጎልቶ እውነት የሚሆነው እንግዲህ ምክሩን የሚያነብ ስልክ ለሌለው ልጅ ነው!

ወደ ወላይታ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ። ዳርኩዋው ለልጅ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ምን እንደሚሆን ለመገመት ሒሳብ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት (ዋዱ) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አስገባ፤ በቆሎ ተስፋፋ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በቆሎ በወራት ይደርሳል፤ ጠባብ መሬት ያለው ሰው ዓመታት የሚጠብቅ ሆድ የለውም። በዚያ ላይ ሳይንስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ አለ፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ከማስወገድ በቀር እስካሁን ፈውስ አልተገኘለትም።

እንሰት ሲሳሳ ክፍተቱን የያዘው ስኳር ድንች ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይተከልና የበቆሎው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ይቆፈራል። ድልድይ ማለት ይቻላል። ድልድዩ ሲሰበር ምን እንደሚሆን በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. ታይቷል፤ የበልጉ ዝናብ ሲጠፋ ስኳር ድንቹም ሳይደርስ ቀረ። ዝናቡ ዘግይቶ ሲጥል ደግሞ ምድሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ልጆች ግን በሕክምና ምግብ ማዕከላት ተኙ። አረንጓዴ ረሃብ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ረሃብ አይመስልም፤ ይህ ነው የሚያስከፋው።

ድልድዩ በሚቆምበት ዓመትም ቢሆን ሌላ ጉድለት አለ። ስኳር ድንችና ቆጮ ሆድ ይሞላሉ፤ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም ትንሽ ነው። ጎኑ ላይ ቦሎቄ፣ አይብ ወይም ወተት ካልተጨመረ ልጁ ጠግቦ ይቀጭጫል። ነጩ ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ግን ሞልቶታል፤ በሐዋሳ ምርምር ማዕከል በኩል የወጡ እንደ ኩልፎና ቱላ ያሉ ዝርያዎች አሉ። ሃይታ ቱኬንም አንድ ነገር እንበለው፤ ሳንወደው ቀርተን አይደለም። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ የቡና ቅጠልም ከዚያው ወገን ነው። እርጉዝና ልጆች ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡት ይሻላል።

መንግሥትም ነገሩን ዘግይቶም ቢሆን ይዞታል። በ2004 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በያኔው ደቡብ ክልል ከአገር ውስጥ ገበሬ በተገዛ እህል ተማሪ የመመገብ ሙከራ ጀመረ። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. 300,000 ለሚሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረች። ጥሩ ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። ግን የመዲናዋ ልጅ ቁርስ በከተማዋ በጀት ይገባል፤ የዳሞት ወይም የሁምቦ ልጅ ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ አሁንም የሚገባው በጥቅምት ዝናብ ነው።

የትምህርቱን ካሌንደር ከእርሻው ካሌንደር አጠገብ አስቀምጡት። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሚጀምረው የካቲት አካባቢ ነው፤ ጎተራው መጉደል ሲጀምር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ አካባቢ ነው፤ እሸቱ ገና ሳይደርስ። በጀት ጠቦ ለጥቂት ወራት ብቻ ቁርስ ማቅረብ ግድ ከሆነ፣ የወላይታ ትምህርት ቤቶች ከመስከረም ይልቅ ከየካቲት ቢጀምሩ ይሻላል ባዮች ነን።