ጃፓንን ከረጃፍ ሆኖ ማየት

ከጁባ ወደ ኒሙሌ የሚወጣ መኪና ነጭ ዓባይን የሚሻገርባቸው ሁለት ድልድዮች አሉ። አንዱ አሮጌው የብረት ድልድይ ነው። ከኡጋንዳ የሚመጣው ዱቄት፣ ዘይት፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ለብዙ ዓመታት ወደ ከተማው ይገባ የነበረው በእሱ ላይ ነው። ሌላው ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የነፃነት ድልድይ ነው። 560 ሜትር ይረዝማል፤ በከተማው በኩል ከሎሎጎ ይነሳና ማዶ፣ ፓያም በሚሉት የረጃፍ አስተዳደር ክልል ውስጥ፣ ጉምቦ ላይ ያርፋል። ማለዳና ማታ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ራክሻ የሚሉት ባለሦስት እግር፣ የጭነት መኪናው፣ በእግሩ የሚሄደው ሁሉ ይጎርፍበታል።

ድልድዩን በእርዳታ ያሠራችው ጃፓን ናት። ሥራው የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ታኅሣሥ 2006 ላይ ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ መሐንዲሶቹ ለቀው ወጡ፤ ነገሩ ሲረግብ ተመለሱ። ሐምሌ 2008 ላይ ከተማዋ እንደገና በተኩስ ስትናወጥ እንደገና ወጡ፤ እንደገናም ተመለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ያስቆማቸው ኮሮና ነው። ሦስቴ ቆሞ ሦስቴ የተነሳው ይህ ሥራ፣ ጃፓንን ለማወቅ ለሚጓጓ መንገደኛ ከማንኛውም የጉብኝት መጽሔት የተሻለ መግቢያ ይመስለኛል። ስለ ፉጂ ተራራና ስለ ቼሪ አበባ ያልሰማ የለም። ጃፓኖች ቅርሳቸውን እንዴት እንደሚይዙ ግን በፎቶ አይታይም።

ረጃፍ ራሷ የውጭ ሰው እግር ብዙ የረገጣት ቦታ ናት። ሾጣጣው ኮረብታዋ ከሩቅ ይለያል። የካቲት 11 ቀን 1889 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ዓመት ሳይሞላ፣ ሉዊ ሻልተን የሚመራው የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ የኮንጎ ጦር ድርቡሾችን እዚህ ገጥሞ አሸነፈ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የተሰዉት ከእነዚሁ ድርቡሾች ጋር ሲዋጉ እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች የጠሩት የቋንቋ ጉባኤ እዚሁ ተሰብስቦ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በየትኞቹ የአገሬው ቋንቋዎች እንደሚማሩ መከረ፤ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሺሉክ፣ ባሪ፣ ላቱካና ዛንዴ ተመረጡ። ጃፓኖች ወደዚህ አገር የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመከላከያ ኃይላቸው የምህንድስና ክፍል ከጥር 2004 እስከ ግንቦት 2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ሥር ጁባ ነበር፤ መንገድ ሲጠርግና ሲደለድል ቆይቶ ሄደ።

እኛ ሐበሾች ግን ጃፓንን ማየት የጀመርነው ገና ቀደም ብሎ ነው። ከዓድዋ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ጃፓን የሩሲያን የባሕር ኃይል ቱሺማ ላይ ስታደቅ፣ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ አውሮፓዊ ኃይልን ማሸነፉ የዓድዋ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ታወቀ። የተማሩት ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ዋና አርአያቸው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ወራት ሳያልፉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልዑካን አስከትለው በመርከብ ተጓዙ፤ ኮቤ ወደብ የደረሱት በ1924 ዓ.ም. ኅዳር ሊገባ ሲል ነው። ፋብሪካውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ መንግሥቱን አዩ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙ።

ከልዑካኑ አንዱ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓን መሳፍንት ወገን የሆነች ወጣት፣ ማሳኮ ኩሮዳን፣ ለማግባት ታጭተው ነበር፤ የዓለም ጋዜጦች ከተቀባበሉት በኋላ ጋብቻው ቀረ። ከዚያም የጣሊያን ወረራ መጣ። ኅሩይ ያደነቋት ጃፓን በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመያዟ ዕውቅና ሰጠች፤ ጣሊያንም በፈንታዋ ጃፓን ማንቹሪያ ላይ ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ይህንን መርሳት አይገባም። ሆኖም አፄ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 1949 ላይ ቶኪዮን ጎበኙ፤ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀድሞም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጽፈው ነበር። የዚያ ትውልድ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ይህ ሕዝብ የራሱን ሳይጥል እንዴት ሠለጠነ?

መልሱን በፋብሪካና በሕግ መጽሐፍ ፈለጉት። እኔ ግን አንድ መንገደኛ ይህን ጥያቄ ይዞ ቢነሳ ከቶኪዮ ይልቅ መጀመሪያ ወደ ኢሴ እንዲሄድ እመክረዋለሁ።

ኢሴ ከናጎያ በስተደቡብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሺንቶ እምነት ታላቁ መቅደስ እዚያ ነው፤ የንጉሣዊው ቤት እናት ናት የምትባለው የፀሐይ አምላክ የአማቴራሱ ማደሪያ። ሕንፃው ያልተቀባ እንጨት ነው፤ ጣሪያው የሣር ክዳን። በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያንኑ የሚመስል አዲስ ቤት ይሠራል፤ ሌሊት አምላኳ በሥነ ሥርዓት ትዛወርና አሮጌው ይፈርሳል። ይህ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ690 በንግሥት ጂቶ ዘመን ነው። የመጨረሻው፣ 62ኛው፣ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የሚታነጽበት ሂኖኪ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ከእኛ ጥድ ወገን ነው። ለወደፊቱ እንጨት እንዳይጎድል ከመቶ ዓመት በፊት 200 ዓመት የሚዘልቅ የደን ዕቅድ አውጥተዋል፤ ዛሬ የተተከለውን የሚቆርጡት ገና ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው።

ወደ ውስጠኛው መቅደስ የሚገባው በኡጂ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 101.8 ሜትር ነው፤ ሙሉ በሙሉ እንጨት፣ በኢሱዙ ወንዝ ላይ የተዘረጋ። እሱም በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ወለሉን የሚገጥሙት የመርከብ አናጢዎች ናቸው፤ ጀልባ ውኃ እንዳያስገባ ሳንቃውን በሚያጣብቁበት ጥበብ ሳንቃን ከሳንቃ ያቀራርባሉ፣ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ የታችኛውን እንጨት እንዳያበሰብስ። በሁለቱ ጫፎች ቶሪ የተባሉት በሮች ቆመዋል፤ ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ እንጨት። ቋሚዎቹ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ እንጂ 20 ዓመት የመቅደሱ ሕንፃ ዓምድ ሆነው ያገለገሉ ናቸው፤ ተጠርበው ነው እዚህ የቆሙት። እዚህ 20 ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ተጠርበው ድሮ ምዕመናን ወደ ኢሴ ይመጡባቸው በነበሩት መንገዶች፣ በሴኪና በኩዋና፣ በር ሆነው ይተከላሉ። አንዱ ግንድ በሦስት ቦታ 60 ዓመት ያገለግላል።

ስለዚህ ኢሴ ላይ ቆሞ «ይህ ቤት ስንት ዘመኑ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁለት መልስ አለ፤ ሁለቱም እውነት ነው። እንጨቱ ትናንት የተጠረበ ነው፤ ቤቱ 1300 ዓመት አልፎታል። ያረጀው ዕውቀቱ ነው። የ20 ዓመቱ ልክም ለዚህ ይመቻል፦ በመጀመሪያው እድሳት ላይ እንጨት አቀባይ የነበረ ልጅ በሁለተኛው ዋና አናጢ፣ በሦስተኛው ወጣቶችን የሚያስተምር ሽማግሌ ይሆናል። ይህ ሰንሰለት ተበጥሶም ያውቃል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት አገሪቱ በመሳፍንት ጦርነት ስትታመስ የውስጠኛው መቅደስ እድሳት ከ120 ዓመት በላይ ታጎለ። ሰላም ሲወርድ ከቆመበት ቀጠሉ። የጉምቦውን ድልድይ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ኢሴ ላይ ይህን ሲሰማ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም።

ይህ የቅርስ አያያዝ ከእኛ በጣም ይለያል። ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ አይፈርስም አይተካም፣ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። ጃፓኖችም በዚያ መንገድ የሚጠብቁት አላቸው፦ ናራ አቅራቢያ ያለው የሆርዩጂ የቡድሃ ገዳም በዓለም ላይ ቆመው ከሚገኙ የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊውን ይዟል። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1949 እሳት ገብቶ የጥንት የግድግዳ ሥዕሎቹን በላቸው። ሐዘኑ ሕግ ወለደ፤ በተከታዩ ዓመት የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ ጥር 26 ዛሬ በየቤተ መቅደሱ የእሳት መከላከል ልምምድ የሚደረግበት ቀን ነው። ሕጉ ሕንፃን ብቻ አልጠበቀም። ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሰይፍ አንጣሪውን፣ የኖ ቴአትር ተጫዋቹን የጥበቡ ባለቤት ብሎ የሚሾምበት ሥርዓት አለው፤ ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ሀብት» ይላቸዋል። መንግሥት በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም ደቀ መዝሙር ያፈራሉ።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የቤተልሔም ድጓ መምህራን፣ የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ሊቃውንት፣ ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው የሚጽፉት ቁም ጸሐፊዎች ይታወሱኛል። የእኛም ቅርስ ብዙው በሰው ውስጥ ያለ ነው፤ ተማሪው ኮቾሮውን ይዞ መንደር ለመንደር ቁራሽ እየለመነ የሚያቆየው። ከጃፓን አንድ ነገር ብቻ መቅዳት ቢፈቀድልኝ የምቀዳው ያንን ሹመት ነው።

ለመንገደኛው ትንሽ ሥርዓት ልንገር። በቡድሃ ገዳማት አዳራሾችና በሰው ቤት ጫማ ይወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ማውለቅ ለለመደ ሐበሻ ይህ አዲስ አይሆንም። ሺንቶ መቅደስ ደጃፍ ላይ የውኃ ገንዳ አለ፤ በጭልፋ ቀድቶ ግራ እጅን፣ ቀኝ እጅን፣ ከዚያ አፍን መታጠብ ነው፤ ጭልፋውን አፍ አያስነኩም። መቅደሱ ፊት ሁለቴ እጅ ነስተው፣ ሁለቴ አጨብጭበው፣ አንዴ እጅ ይነሳሉ። የሚበሉበትን ዘንግ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት የለቅሶ ምልክት ነውና ነውር ነው። ምግብ ቤት ጉርሻ አይሰጥም። መንገድ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ብዙ አይገኝም፤ ሰው ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ልጆችም ክፍላቸውን ራሳቸው እየጠረጉ ነው የሚያድጉት። ሻይን በሥነ ሥርዓት ሲያቀርቡ መቸኮል የለም፤ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ፣ አቦል አልፎ በረካ እስኪደርስ መቀመጥ የሚያውቅ ሰው የሻዩን ቤት ዝምታ አይፈራውም። የምግብ ባህላቸው በዩኔስኮ የተመዘገበውም ከእኛ መስቀል ጋር በአንድ ጉባኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013፣ ባኩ ላይ።

ሐበሻ መሆኑን የነገራቸው እንግዳ ደግሞ በዕድሜ የገፉት ፊታቸው ሲበራ ያያል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ ከዚያም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ በቴሌቪዥን ያየ ትውልድ አሁንም አለ። ደቡብ ሱዳኖችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ኅዳር 2012 ዓ.ም. አራት አትሌቶችና አሠልጣኛቸው ለኦሊምፒክ ሊዘጋጁ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ማኤባሺ ሄዱ። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት በአንድ ዓመት ሲራዘም ከተማዋ ወደ አገራችሁ ተመለሱ አላለቻቸውም፤ ሰዉ ገንዘብ እያዋጣ አቆያቸው። አብርሃም ጉዌም በ1500 ሜትር ሮጠ። ማኤባሺ የቱሪስት ከተማ አይደለችም፤ ከጁባ የሚሄድ ሰው ግን አንድ ቀን ቢያድርባት አይቆጭም።

ጉዞው ከጁባ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በኢንቾን በኩል ናሪታ ነው። ከቶኪዮ ናጎያ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከናጎያ ኢሴ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የኡጂ ድልድይ የሚታደሰው እ.ኤ.አ. በ2029፣ መቅደሱ በ2033 ነው። ለ63ኛው እድሳት የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ ግንዶች እ.ኤ.አ. በ2025 ሰኔ ላይ ተቆርጠዋል። ስለዚህ አሁን የሚሄድ መንገደኛ አሮጌውን ቤት ይደርስበታል፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ከእድሳቱ በኋላ የሚሄድ ደግሞ አዲሱን ከነሽታው ያገኘዋል።