የሰፊው ፎቶ ታሪክ፦ ከበረዶ ተራራ እስከ ምረቃ ሜዳችን

በ1998 ዓ.ም ሐምሌ ላይ አምቦ ስንመረቅ የተነሳነው የጋራ ፎቶ ዛሬም ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ አንሺው ሁላችንንም ማስገባት ቢያቅተው «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ብዙ ደከመ፤ በመጨረሻ ግራና ቀኙን ትቶ አነሳን። በግራው ጫፍ የሚታየው ጥቁር እጅጌ የጊንጪው ጓደኛችን ነው። ስንት ሌሊት አንድ ዶርም አብሮኝ ያጠና ልጅ፣ ከዚያ ፎቶ ላይ የተረፈው እጅጌው ብቻ ነው። ዛሬ እሱ በሕይወት የለም። የመገናኛ በዓላችን ኮሚቴ «ለዓመት መጽሐፋችን አንድ የታሪክ ጽሑፍ አምጣ» ሲለኝ፣ ሰውን ከነቦታው የሚይዘውን የሰፊውን ፎቶ፣ የፓኖራማን ታሪክ መረጥኩ። ይህ ሙያ ክፉኛ የሚፈተነው በረዷማ ተራራ ላይ ስለሆነ ወሬዬም ወደዚያው ይወጣል፤ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፓሪስ ይኖር የነበረው ፍሪድሪኽ ፎን ማርተንስ ሌንሱ ከጎን ወደ ጎን የሚዞር ካሜራ ሠራ። በአንድ ሳህን ላይ 150 ዲግሪ ያህል ስፋት ያለው የከተማ እይታ ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሰርኩት የሚባለው ካሜራ መጣ። ይህኛው ራሱ ካሜራው በእግሩ ላይ ሆኖ ይዞራል፤ ፊልሙም በቀጭን ስንጥቅ ፊት እየተጠቀለለ ያልፋል። ትምህርት ቤቶችና የጦር ክፍሎች ረድፍ ሙሉ ሰው የሚነሱት በዚህ ነበር። ታዲያ የፎቶው ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ የተነሱት በተለያየ ሰዓት ነው። ይህን የነቃ ቀልደኛ ተማሪ በአንደኛው ጫፍ ይነሳል፤ ካሜራው ሲዞር ከሰልፉ ጀርባ ሮጦ ይቀድመውና በሌላኛው ጫፍ ዳግመኛ ይነሳል። አንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ፣ ሁለት ቦታ!

ቆሞ ለሚነሳ ሰው ይህ ጨዋታ ነው፤ በበረዶ ሸርተቴ ቁልቁል ለሚበር ግን ጣጣ አለው። ሸርተቴኛው ካሜራው በሚዞርበት አቅጣጫ ከሄደ ስንጥቁ ፊት ስለሚቆይ ፎቶው ላይ ተለጥጦ ይወጣል፤ በተቃራኒው ከመጣ ደግሞ ይጨማደዳል። ስለዚህ መፍትሔው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 የአንድን እንቅስቃሴ ተከታታይ ቅጽበቶች አንድ ሳህን ላይ ማሳረፍ ጀመረ። ጀርመናዊው የተራራ ፊልም ሠሪ አርኖልድ ፋንክም ከሸርተቴ አስተማሪው ሐነስ ሽናይደር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፊልም ቁርጥራጮችን በተርታ ደርድሮ አንድ መታጠፊያ እንዴት እንደሚያልቅ አሳየ።

የዛሬዎቹ ፎቶ አንሺዎች ሁለቱን ሐሳብ አጋብተዋል። ከሸርተቴኛው ወይም ከስኖውቦርድ ነጂው ጋር ካሜራውን እያዞሩ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያነሱታል፤ ከዚያ በኮምፒውተር አንዱን ከአንዱ ይገጣጥሙታል። ያው ልጅ ከገደሉ አፍ ሲነሳ፣ አየር ላይ ሲገለበጥ፣ መሬት ሲነካ፣ ሁሉም በአንድ ተራራ ላይ ይታያል። ቅርብ አድርጎ የሚያነሳው ረጅም ሌንስ ፊቱንና የሚረጨውን በረዶ ይሰጠናል። ከየት እንደተነሳና ምን ያህል እንደቀረው የሚነግረን ግን ሰፊው ነው።

«ይሄ ሁሉ በረዶ እኛን ምን አገባን?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ የጎጆ ልጅ ነኝ፤ ገብሱን ውርጭ ሲያቃጥለው እያየሁ ነው ያደግኩት። በረዶም ሲጥል ቆርቆሮው ይንጫጫል እንጂ የሚንሸራተትበት የለም። ሆኖም የአገራችን ከፍታ በረዶን ያውቃል። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ የስሜንን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለባቸው አድርጎ ይገልጻቸዋል።

በሸርተቴ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊም አለን፤ ሮቤል ተክለማርያም። በ1967 ዓ.ም መስከረም ላይ አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ በትምህርት ቤት ሸርተቴ ለመደ። በኋላም ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። እኛ ልንመረቅ ስንዘጋጅ፣ በዚያው በ1998 ዓ.ም የካቲት፣ ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ሸርተቴ 83ኛ ወጣ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ተመለሰ። አዲስ አበባ ሲለማመድ በረዶ ስለሌለ አስፋልት ላይ ጎማ ባለው ሸርተቴ ነበር የሚሄደው።

ወሬውን ዶርም ያመጣው ያ የጊንጪው ልጅ ነበር። «አንተ የጎጆ ልጅ፣ ውርጩን ታውቀዋለህ፤ ምናለ እናንተ ብትሄዱ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «83ኛ ምን ይባላል?» አልኩት። ሳቁን አቁሞ «ከየት ተነስቶ 83ኛ እንደሆነ አታይም?» አለኝ። ያኔ መልስ አልሰጠሁትም። ሯጮቻችንን አንደኛ ሲሆኑ ብቻ ማየት ለምደን፣ ፎቶውንም ሐሳቡንም አጥብበነው ኖሯል። ጠባቡ ክፈፍ ሦስቱን ባለሜዳሊያዎች ይይዛል። አስፋልቱን፣ የልጅነት ስደቱን፣ ከኋላ የቀረውን ብቸኛ ባለ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለማየት ወደ ኋላ ብዙ መራቅ ይጠይቃል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በመገናኛችን ቀን የጋራ ፎቶ እንነሳለን። ዛሬ ፓኖራማው ኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለና «አልበቃንም» የሚል ምክንያት የለም። ኮሚቴውን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በግማሽ ክብ አቁሙን፤ ዳር ያለው ከመሀል ካለው እኩል ለካሜራው ይቅረብ። ሁለተኛ፣ በግራ ጫፍ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ይተውልኝ። ያንን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ። ማንም ከኋላ ሮጦ እንዳይገባበት አደራ።