የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ታሪክና በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው የዋት ቊጥር

በጥቂት ገንዘብ የጌም መጫወቻ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም የተነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ለግራፊክስ ካርዱ ከከፈለ በኋላ፥ የተረፈችውን ይዞ ፓወር ሰፕላይ ፍለጋ ይወጣል። ሁለት ሣጥኖች ቀረቡለት እንበል፤ አንዱ ርካሽ ሆኖ 500 ዋት የሚል፥ ሁለተኛው ወደድ ብሎ 450 ዋት የሚል ነው። ብዙ ዋት በትንሽ ዋጋ መግዛት ብልኅነት ይመስላል። የዕቃውን ታሪክ ስንመረምር ግን ይህ ቊጥር ብቻውን ብዙ የማይናገር ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አይ. ቢ. ኤም. በ1981 ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረው ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 63.5 ዋት ብቻ ይሰጥ ነበር። ከዚህም ውስጥ 35ቱ ዋት የሚወጣው በ5 ቮልት መስመር ነው፤ የማስሊያው ክፍሎች የሚሠሩት በ5 ቮልት ነበርና። የ12 ቮልቱ መስመር 24 ዋት ሲኖረው ዋና ተግባሩ የዲስኬት ማንበቢያዎቹን ሞተር ማዞር ነበር። ኢንቴል በ1995 ኤ. ቲ. ኤክስ. የተባለውን ደንብ ሲያወጣም የ3.3 ቮልት መስመር ተጨመረ እንጂ የ12 ቮልቱ ድርሻ ገና አልገነነም።

ነገሩ የተገለበጠው ፔንቲየም 4 በወጣበት በ2000 ነው። ዋት የቮልትና የአምፔር ብዜት እንደ መሆኑ፥ 60 ዋት በ5 ቮልት ለማድረስ 12 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ግን 5 አምፔር ይበቃል። አምፔር ሲበዛ ደግሞ ሽቦው ይግላል። ስለዚህ ለፕሮሰሰሩ ባለ 4 እግር የ12 ቮልት መሰኪያ ተሰጠው፤ ቮልቱን ዝቅ የማድረጉም ሥራ በማዘርቦርዱ ላይ ላለው ክፍል ተተወ። ግራፊክስ ካርዶችም በዚያው መንገድ ሄዱ። ባለ 6 እግሩ መሰኪያቸው 75 ዋት፥ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት እንዲያደርስ የተወሰነ ሲሆን ሁለቱም 12 ቮልትን ብቻ ይሸከማሉ።

አንዳንድ ርካሽ ሣጥኖች ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ኀይላቸውን በ3.3ና በ5 ቮልት መስመሮች ላይ በትነው ድምሩን በጉልህ ይጽፋሉ። ገዢው በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ቢያነብ፥ በዚያ 500 ዋት በተባለው ሣጥን ላይ ከ12 ቮልት አንጻር 18 አምፔር ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም ሲባዛ 216 ዋት ነው። ባለ 450ው 37 አምፔር ካለው 444 ዋት ይሆናል። በ2021 የወጣው አር. ቲ. ኤክስ. 3060 ካርድ ብቻውን 170 ዋት ይፈልጋል፤ ለፕሮሰሰሩ 90 ብንጨምር 260 ደረሰ። ታዲያ የትኛው ነው ርካሹ? ደካማ ሣጥን ሲቃጠል ደግሞ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ካርድ ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በ2004 የተጀመረው የኤይቲ ፕላስ ምልክት ጠቃሚ ቢሆንም ከሚገባው በላይ የታመነበት ይመስለናል። ምልክቱ የሚመሰክረው ስለ ብክነት ነው፤ ይኸውም 300 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው 375 ዋት የሚስብ ሣጥን 80 በመቶ ደረሰ ይባላል፥ የቀረው 75 ዋት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ሣጥኑ ራሱን ስለ ማጥፋቱ ግን ምልክቱ ዋስ አይሆንም። ፈተናውም የሚካሄደው 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጌም በሚጫወቱበት ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው አየር ከዚህ ይበልጥ ይሞቃል።