ምሥጢራዊ ውልና የሕዝብ ፍርድ
የ1928 ዓ.ም. የሆርና የላቫል ዕቅድ ከጎጃም ምድር ሲታይ

መግቢያ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ የሚፈሱት ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ብርና ፈጣም በቀጥታ ወደ ዓባይ ሲወርዱ፣ በሰከላ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ደግሞ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ሐይቅ ይገባል። ይህ ውኃ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ የመስኖው፣ የከብቱና የጠበሉ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ስለዚሁ ውኃ በለንደን፣ በሮማና በፓሪስ ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም ውስጥ አንዳንዱን የአገሩ ሕዝብ ይቅርና የአገሩ መንግሥት እንኳ ያወቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኃያላን መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ በምሥጢር የተዋዋሉትን፣ ምሥጢሩ ይፋ በወጣ ጊዜም የሆነውንና ሳይሆን የቀረውን መመርመር ነው። የመንግሥትን ምሥጢር ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም በዓለም ላይ ይካሄዳል። ለዚህ ክርክር የኢትዮጵያ ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ያቀርባል።

ባለቤቱ በሌለበት የተደረጉ ውሎች

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንደማያሠሩ ተስማሙ። ይህ ውል ቢጠቅምም ባይጠቅምም በግልጽ የተደረገ ነበር፤ ኢትዮጵያም ራሷ ፈርማበታለች።

ከአራት ዓመታት በኋላ የሆነው ግን የተለየ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ የሦስትዮሽ ውል ሲፈራረሙ ኢትዮጵያ በስብሰባው ላይ አልነበረችም። የአገሪቱ ሁኔታ ቢናወጥ እያንዳንዳቸው ምን ጥቅም እንደሚያስጠብቁ ተነጋገሩ። የዓባይ ተፋሰስ በእንግሊዝ፣ የባቡር ሐዲዱ መስመር በፈረንሳይ፣ ከኤርትራና ከሶማልያ ጋር የሚዋሰነው ምድር በኢጣልያ ድርሻ ተጠቀሰ። ዳግማዊ ምኒልክ ነገሩ በተነገራቸው ጊዜ ውሉ የመንግሥታቸውን ሉዓላዊነት ሊገድብ እንደማይችል አስታወቁ።

የምሥጢራዊ ውል አደጋ በዓለም ሕዝብ ዘንድ ጎልቶ የታየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር ነው። በኅዳር 1910 ዓ.ም. አዲሱ የሩስያ አብዮታዊ መንግሥት በቀድሞው ቤተ መዛግብት የተገኙትን የኃያላን ምሥጢራዊ ውሎች አሳተመ። ከነዚህም አንዱ በ1907 ዓ.ም. በለንደን የተፈረመው ሲሆን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን ቅኝ ግዛቶች ከያዙ ኢጣልያ በአፍሪካ ካሣ እንድታገኝ ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ከዚህ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ስለ ሰላም ካቀረቧቸው አሥራ አራት ነጥቦች የመጀመሪያው ውሎች በግልጽ እንዲደረጉ የሚጠይቅ ሆነ። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን 18ኛ አንቀጽም ያልተመዘገበ ውል አስገዳጅነት እንደማይኖረው ደነገገ። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ የተማመነችው በዚህ ሕግ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ሕጉ ተፈተነ። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. በሮማ የእንግሊዝ አምባሳደርና ሙሶሊኒ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ለመሥራት ፈቃድ ስትጠይቅ ኢጣልያ ትደግፋታለች፤ ኢጣልያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማልያን በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ስትጠይቅ እንግሊዝ ትደግፋታለች ተባለ። ሁለቱ መንግሥታት ይህን ለኢትዮጵያ ያስታወቁት ከተስማሙ ከወራት በኋላ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሰኔ 12 ቀን 1918 ዓ.ም. ለመንግሥታት ማኅበር አባላት ሁሉ ባስተላለፉት ተቃውሞ፣ ሁለት አባል መንግሥታት ስለ ሦስተኛው አባል ሳያማክሩት መስማማታቸው የማኅበሩን መንፈስ የሚጻረር መሆኑን ገለጹ። ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ እንዳላሰቡ በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ተገደዱ። ጉዳዩ በአደባባይ በመነሣቱ ብቻ ኢትዮጵያ ጊዜ አገኘች፤ በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያም የጣናን ጥናት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አማካይነት ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለመስጠት ተደራደረች።

የ1928ቱ ዕቅድና የምሥጢሩ መውጣት

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆር በጄኔቭ ባደረጉት ንግግር መንግሥታቸው ከቃል ኪዳኑ ጋር እንደሚቆምና ወረራን በኅብረት እንደሚቃወም ለዓለም አስታወቁ። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። በኅዳር መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ይህንኑ የጄኔቭ ቃል ይዞ በምርጫ አሸነፈ። ኢጣልያን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀው የነዳጅ ዘይት ማዕቀብም ለውይይት ቀርቦ ነበር።

ኅዳር 27 እና 28 ቀን ግን ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በፓሪስ ተገናኝተው ሌላ ነገር አዘጋጁ። በዕቅዱ መሠረት ኢጣልያ ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ታገኛለች፤ ከ8ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በስተደቡብ ያለው ምድርም ለኢጣልያ ኢኮኖሚያዊ ጥቅምና ሰፈራ ይከለላል። ለኢትዮጵያ የሚሰጣት በአሰብ በኩል ወደ ባሕር የሚያወጣ ጠባብ መተላለፊያ ነበር። ይህ ሁሉ የታሰበው ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ላይ ሆነው፣ ከተማዪቱም ኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደብድባ ቁስሏ ሳይደርቅ ነው።

ኅዳር 29 ቀን የዕቅዱ ዋና ሐሳብ በፓሪስ ጋዜጦች ታተመ። የ«ለቭር» ጋዜጣ ጸሐፊ ዠንቪየቭ ታቡይና በ«ኤኮ ደ ፓሪ» ላይ ፔርቲናክስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ጋዜጠኛ ምሥጢሩን ለአንባቢ አደረሱት። በእንግሊዝ አገር የሕዝቡ ቁጣ ፈጥኖ ተነሣ። ከጥቂት ወራት በፊት ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ስለ ሰላምና ስለ መንግሥታት ማኅበር ድምፅ የሰጡበት አገር ነበርና ለምክር ቤት አባላት የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። «ዘ ታይምስ» ለኢትዮጵያ የታሰበውን መተላለፊያ ከግመል በቀር ለሌላ የማይሆን ነው ሲል ተሳለቀበት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን ለጊዜው ሊናገሩ እንደማይችሉ ለምክር ቤቱ ቢገልጹም ዝምታው ንዴቱን አባባሰው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ዕቅዱ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በግልጽ እንዲመረመር ጠየቀ። ታኅሣሥ 8 ቀን ሆር ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ዕቅዱም ቀረ። በጥር 13 ቀን የላቫል መንግሥት ወደቀ።

በጊዜው የነበረው ክርክር

ዕቅዱን የደገፉት ያቀረቧቸው ምክንያቶች በቀላሉ የሚናቁ አልነበሩም። ፈረንሳይ የጀርመንን መነሣት ስለፈራች የኢጣልያን ወዳጅነት ማጣት አልፈለገችም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሜዲቴራኒያን ብቻውን መዋጋትን አልወደደም። ከዚህም ሌላ ማንኛውም የሰላም ድርድር ገና ሳይበስል በአደባባይ ከተሰጣ ሊፈጸም አይችልም የሚሉ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ድርድር በዝግ ቤት ለምን ተደረገ የሚል ብቻ አልነበረም። የጥያቄው ሥር፣ በአደባባይ የተገባው ቃልና በዝግ ቤት የተጻፈው ሐሳብ ለምን ተጣረሱ የሚል ነው። መሬቱ የሚቆረስበት ሕዝብ አልተጠየቀም፤ ድምፁን የሰጠው የእንግሊዝ መራጭም ተታልሏል። ምሥጢሩ የተሠወረው ከጠላት አልነበረም፤ የሚጎዳው ሕዝብና ወኪሎቹን የመረጠው ሕዝብ እንዳያውቁት ነበር። ስለዚህ ጋዜጦቹ ምሥጢሩን በማውጣታቸው ያፈረሱት ሰላምን ሳይሆን ማታለልን ነው ማለት ይቻላል።

ይፋ መውጣቱ ያላደረገው

በዚሁ ታኅሣሥ ወር የጎጃም ሰው የት ነበር? የጎጃም ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጠቅላይ ግዛቱን ጦር አስከትለው ከብዙ ሳምንታት የእግር ጉዞ በኋላ ሽሬ ደርሰው ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የኢጣልያን ወታደሮች ድል አደረገ። ሆር ሥልጣናቸውን ከለቀቁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት የተባለውን የመርዝ ጋዝ አፈሰሱ። ራስ እምሩ በኋላ እንደ መሰከሩት፣ የወታደሩ እጅ፣ እግርና ፊት ተቃጠለ፤ ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዙ የወረዱትም የተመረዘ ውኃ ጠጡ።

እንግዲህ በለንደን ሕዝቡ ድል ያደረገ በመሰለበት ሳምንት የጎጃም ገበሬ ወታደር በመርዝ ይቃጠል ነበር። ዕቅዱ ተሠረዘ፤ ነገር ግን የነዳጅ ማዕቀቡ አልተወሰነም፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። ሚኒስትር ተነሣ፤ ፖሊሲው ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

የመርዙ ጋዝም ራሱ ምሥጢር ተደርጎ ተያዘ። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበርና ነገሩን ካደች። የመንግሥታት ማኅበር ኮሚቴ ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ማስረጃ በጠየቀ ጊዜ፣ ድርጅቱ ልዑካኑ በዓይናቸው ያዩት ነገር እያለ ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ ሳይሰጥ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ ጋዙ በአደባባይ ቢመሰክሩም፣ የኢጣልያ መንግሥት ነገሩን በይፋ ያመነው ከስልሳ ዓመታት በኋላ በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከተከዜ የተመለሱት ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም።

ምሥጢር ሁሉ አንድ አይደለም

ምሥጢር ማውጣትም ሁልጊዜ ለተበደለው አይጠቅምም። በሰኔ 1927 ዓ.ም. በሰር ጆን ማፊ የሚመራ የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ብትይዝ እንግሊዝን ለመከላከል የሚያስገድድ ከባድ ጥቅም እንደሌለ፣ የጣና ውኃ ግን ሊጠበቅ እንደሚገባ የሚገልጽ ምሥጢራዊ ዘገባ አቅርቦ ነበር። ይህ ሰነድ በሮማ በኩል በኢጣልያ ሰላዮች እጅ ገባ፤ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያ ጋዜጣ ታተመ። ለሙሶሊኒ ሰነዱ እንግሊዝ እንደማትዋጋ ማረጋገጫ ሆነ። እዚህ ላይ ምሥጢሩ የወጣው ወራሪውን ለማገልገል ነው።

በሌላ በኩል በወረራው ዘመን የጎጃም ሕዝብ ራሱ የጠበቀው ምሥጢር አለ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገቡ ቡሬና ዳንግላ የኢጣልያ ምሽጎች ነበሩ። ቡድኑ ለወራት በአርበኞች መካከል ሊቆይ የቻለው ገበሬው ስላስጠጋውና ለጠላት ስላልጠቆመ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣልያ ቡሬን ለቀቀች፤ መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህ ደካማው ራሱን ከኃይለኛው የጠበቀበት ምሥጢር ነው። የሆርና የላቫል ምሥጢር ግን ኃይለኛው በደካማው ላይ የሸረበው ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ለትምህርት ሥራ የሚሆን አስተያየት

በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሆርና የላቫል ዕቅድ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። መምህራን የ1894፣ የ1899፣ የ1918 እና የ1928 ዓ.ም. ሰነዶችን ጎን ለጎን አቅርበው በእያንዳንዱ ላይ አራት ጥያቄዎች ቢያስጠይቁ ትምህርቱ ይጠልቃል፦ የፈረመው ማን ነው? ያልተጠራው ማን ነው? ያልተጠራው ነገሩን መቼ ዐወቀ? ካወቀስ በኋላ ምን ማድረግ ቻለ? የምዕራብ ጎጃም ተማሪ የግልገል ዓባይን መነሻና የጣናን ሐይቅ በካርታ ሲያይ፣ እነዚህ ሰነዶች ስለ ገዛ ቀዬው የተጻፉ መሆናቸውን ይረዳል።

የትምህርት ፕላን አዘጋጆችም የነዚህ ውሎች የአማርኛ ቅጂ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲደርስ ቢያደርጉ ይጠቅማል። ከዚህ ጋር በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በገጠሩ ቀበሌዎች ከሽሬ ዘማቾችና ከአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዘንድ የቀረው ትዝታ በተማሪዎች ሊመዘገብ ይገባል።

በጠቅላላው ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ምሥጢር ይፋ መውጣቱ ክፉ ውልን ሊያስቆም እንደሚችል፣ የተበደለውን ግን ብቻውን እንደማይክስ ነው። በ1918 ዓ.ም. ተቃውሞው የሠራው ኢትዮጵያ ራሷ ሰነዱን ይዛ በሕግ ፊት ስለተናገረች ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የሌላ አገር ሕዝብ ቁጣ ለጥቂት ሳምንታት ነደደና በረደ። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የተከታተለው ነገሩ የነካው ሕዝብ ነው። ያም ሕዝብ ለመከታተል ሰነዱን ማንበብ፣ ማስረጃውን ማስቀመጥና መጠየቅ መቻል አለበት፤ ይህም በአብዛኛው የትምህርት ቤት ሥራ ነው።