ሩት በጠባቡ ቤት

የነገሥታትን ጦርነትና የመኳንንትን ሹመት የሚተርክ መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ማልዳ ተነሥታ እሳት የምታነድ ሚስት የምትደክመውን ድካም የሚተርክ ግን ጥቂት ነው። ታሪክ የተወውንም አንዳንድ ጊዜ ቴአትር ያነሣዋል።

ሎሬን ሃንስቤሪ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊት የደረሰችው «ዘቢብ በፀሐይ» የተባለ ቴአትር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታየ። የጥቁር ሴት ድርሰት በብሮድዌይ መድረክ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበረ፤ 530 ጊዜም ታየ። ሩት የተባለችውን ሚስት ኾና የተጫወተችው ሩቢ ዲ ናት።

ነገሩ በቺካጎ ከተማ ነው። አምስት ነፍስ በአንድ ጠባብ ቤት ይኖራል፤ ልጁ የሚተኛው በእንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ነው፤ መታጠቢያውም ከጎረቤት ጋራ የጋራ ስለ ኾነ ጧት ጧት ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ሩት ዕድሜዋ ሠላሳ ያህል ነው፤ ድካም ግን አስረጅቷታል። የራሷን ቤት አሰናድታ በነጮች ማድ ቤት ታገለግላለች። ባሏ ዋልተር የባለጠጋ ሾፌር ነው፤ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ከፍቶ ስለ መክበር ሲያወራላት፣ እርስዋ ዕንቍላሉን እንዲበላ ትነግረዋለች። እርሱም ይህን ሕልሙን እንደ መናቅ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሩት ሕልም አጥታ አይደለም፤ ሕልሟ በድካም ተሸፍኖ ነው እንጂ።

የአማቷ የወይዘሮ ሊና ባል ሞተው የሕይወት መድን 10,000 ዶላር በመጣ ጊዜ፣ ወይዘሮ ሊና ከርሱ 3,500 ዶላር ቀብድ ከፍለው ቤት ገዙ። ሩትም ይህን ሰምታ የጠየቀችው፣ በቤቱ ብርሃን በብዛት ይገባ እንደ ኾነ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ በጨለማ የኖረ ሰው ነው። ከጭንቀት የተነሣ ፅንሷን ለማስወረድ 5 ዶላር መያዣ ሰጥታ ነበረና፣ ብርሃን ያለው ቤት ለርስዋ የሚወለደው ልጅ ስፍራ ነው። ኋላ ባሏ የቀረውን ገንዘብ ለአታላይ ባልንጀራ ሰጥቶ ባጠፋ ጊዜ፣ አማቷ እንኳ ተስፋ ቈርጠው «እንቅር» ሲሉ፣ ሕፃኑን በዠርባዋ አዝላ በቀን ሃያ ሰዓት ልትሠራ የተነሣችው ይህች የደከመች ሴት ናት።

አንድ ቤት ስለ ምን እንዲህ ከበደ ቢሉ፣ በዚያ ዘመን በቺካጎ ብዙ የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ሰው ላለመሸጥና ላለማከራየት በጽሑፍ ይዋዋሉ ስለ ነበረ ነው። የጸሐፊቱ አባት ካርል ሃንስቤሪ በ1937 እንዲህ ባለው ሰፈር ቤት ቢገዙ፣ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን ደበደቡት፤ በመስኮት የተወረወረውም ነገር ገና ሕፃን የነበረችውን ሎሬንን ለጥቂት ሳታት። አባቷ ሲሟገቱ፣ እናቷ ሌሊቱን ሽጉጥ ይዘው ልጆቻቸውን ይጠብቁ ነበረ። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለካርል ፈረደላቸው፤ ነገር ግን ቀድሞ በሌሎች ላይ የተፈረደው ፍርድ እርሳቸውን አያስራቸውም አለ እንጂ ውሉን ራሱን አላፈረሰም። እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የተከለከለው በ1948 ነው። እንግዲህ የሩትን ጽናት ያየ፣ ሌሊቱን ቆመው ያነጉትን እናት ያስታውሳል።

በቴአትሩ ውስጥ ዋልተር ሰክሮ ሲፎክር፣ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተናገረውን ቃል ያነሣል፤ ሩትም በቀልድ ትመልስለታለች። ያ ቃል ለጸሐፊቱ ቤተ ሰብ እንግዳ አልነበረም፤ አጎቷ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ፣ የኢትዮጵያንም ጥንታዊነት የመረመሩ ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ድካማቸውም በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ።

ሞዓባዊት ሩት አማቷን ተከትላ ወደማታውቀው አገር ሄደች፤ በሰው እርሻም ቃረመች። የቺካጎዪቱም ሩት በሰው ማድ ቤት ስትደክም ኖራ፣ ከአማቷ ጋራ ወደማይወዷቸው ሰዎች ሰፈር ተነሣች። ለቀድሞዪቱ ቦዔዝ ነበረላት፤ ለኋለኛዪቱ ግን መጋረጃው ሲዘጋ ዕቃ ሲወጣ ይታያል እንጂ ዕረፍት ሲገኝ አይታይም። የተሰጣት በር ብቻ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ደግሞ እንደ ልማዷ ማልዳ ተነሥታ ልትሠራው ነው።